ቶርች ኤክስሬይ ቪዥን ሲፈተሽ፦ ነጻው የደረት ራጅ አንባቢ

የሳንባ ምችን ከደረት ራጅ ላይ እለያለሁ የሚል ሶፍትዌር በዝቷል። የብዙዎቹ ውስጥ ግን ዝግ ነው፤ በምን ዓይነት ምስል እንደሰለጠኑ ማየት አይቻልም። ቶርች ኤክስሬይ ቪዥን የሚለየው በዚህ ነው፦ ኮዱ ክፍት ነው፣ በአፓቼ 2.0 ፈቃድ በነጻ ይወርዳል፣ የተማረባቸው የምስል ክምችቶችም በስም የታወቁ ናቸው። ለምርምርና ለማስተማሪያ ጥሩ መነሻ ነው። የተመዘገበ የሕክምና መሣሪያ ስላልሆነ ግን የታካሚን ጉዳይ ለእሱ ብቻ መተው አይገባም።

መጫኑ ቀላል ነው፤ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ባለበት ኮምፒውተር ላይ በፒፕ (የፓይተን መጫኛ) አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል። ሞዴሉ፣ ማለትም ራጁን የሚያነበው የሰለጠነ ፕሮግራም፣ መጀመሪያ ሲጠራ ፋይሉን ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ፣ መስመር በሌለበት ክፍል የሚሠራ ሰው ይህን አስቀድሞ ይጨርስ። ውድ የግራፊክስ ካርድም አያስፈልግም።

ዋናው ሞዴል ዴንስኔት 121 የተባለ የነርቭ መረብ ሲሆን ለ18 የራጅ ግኝቶች ለየብቻቸው ነጥብ ይሰጣል። የሳንባ ምች ከነዚህ አንዱ ነው።

አብዛኛው ጥፋት የሚፈጠረው ምስሉ ሞዴሉ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። የሚፈለገው ግራጫ ብቻ የሆነ፣ 224 በ224 ፒክስል፣ የብሩህነት ዋጋው ደግሞ ከ-1024 እስከ 1024 የተዘረጋ ምስል ነው። እንደ ሌሎች ሞዴሎች ከ0 እስከ 1 አድርጎ ያስገባ ሰው ቁጥር ያገኛል፤ ቁጥሩ ግን ትርጉም የለውም። አንዳንድ የዳይኮም (የሕክምና ምስል ማስቀመጫ ቅርጽ) ፋይሎች ደግሞ ተገልብጠው ይቀመጣሉ፦ አየሩ ነጭ፣ አጥንቱ ጥቁር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማሽን የመጡ ጥቂት ምስሎችን አስቀድሞ በዓይን ማየት ግድ ነው።

ሌላው ወጥመድ መከርከሚያው ነው። አብሮት የሚመጣው መከርከሚያ ከምስሉ መሃል ጎኖቹ እኩል የሆኑ አራት ማዕዘን ቆርጦ ያወጣል። ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ ራጅ ከላይና ከታች ይቆረጣል ማለት ነው፤ ከታች የሚቆረጠው ደግሞ የታችኛው የሳንባ ክፍል ምችና በሳንባ ዙሪያ የሚቋጠር ውሃ የሚታይበት ቦታ ነው። ከመከርከም ይልቅ ጎንና ጎኑን በጥቁር ኅዳግ ሞልቶ እኩል ማድረግ ይሻላል።

አሁን ወደ ነጥቡ። 0.62 ቢወጣ «62 በመቶ የሳንባ ምች አለበት» ማለት አይደለም። ውጤቱ የተስተካከለው ለእያንዳንዱ ግኝት የተመረጠው መለያ ወሰን 0.5 ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ነው፤ ከዚያ በላይ «አለ»፣ በታች «የለም» ብሎ ለማንበብ እንጂ ዕድልን ለመለካት አይሆንም።

የሳንባ ምች የሚለውን ነጥብ ብቻውን ማንበብም ያሳስታል። ከስልጠና ምስሎቹ የብዙዎቹ መለያ (ምስሉ ላይ ምን እንዳለ የሚገልጸው ስም) በኮምፒውተር የተለቀመው ራዲዮሎጂስቶች ከጻፉት ሪፖርት ነው። ራዲዮሎጂስት ደግሞ የሚያየውን ነጭ ጥላ ወይም ኮንሶሊዴሽን (የሳንባ አየር ከረጢቶች በፈሳሽ መሞላት) ብሎ ይጽፋል፤ ምች መሆኑ የሚለየው ከትኩሳቱ፣ ከሳሉና ከላብራቶሪው ጋር ሲታይ ነው። ስለዚህ አንዱ ሕመም በሦስትና በአራት ስም ተበትኗል። ኮንሶሊዴሽን፣ የሳንባ ጥላና ኢንፊልትሬሽን (ሳንባ ውስጥ የተሰራጨ ጥላ) የሚሉትን ነጥቦች አብሮ ያላየ ሰው ግማሹን ነው ያነበበው።

ወሰኑንም በሚሠራበት ቦታ ምስል እንደገና መፈተን ያስፈልጋል። ለምሳሌ ከ1,000 ሰው 50ው የሳንባ ምች ቢኖራቸው፣ ሞዴሉም ከታመሙት 90 በመቶውን ቢይዝና ከጤነኞቹ 80 በመቶውን በትክክል ቢያልፍ፣ 45 ሕሙማን ይያዛሉ፣ 5 ያመልጣሉ፣ 190 ጤነኞች ደግሞ ያለ ምክንያት ይጠረጠራሉ። ከተጠረጠሩት 235 ሰዎች የታመመው ከአምስት አንድ አይሞላም። ማስታወቂያ ላይ የሚያምረው 90 በመቶ ሥራ ላይ ሲውል ይህን ይመስላል።

በከንቱ የሚያስጠረጥሩት ምስሎች የታወቁ ናቸው፦ ታካሚው በደንብ ሳይተነፍስ የተነሳ፣ ሰውነቱ ዞሮ የተነሳ፣ በልብ ድካም ሳንባው ውሃ የያዘ፣ የሳንባው ክፍል የተኮማተረ። በትንንሽ ሕፃናት ደረት ውስጥ ያለው የታይመስ እጢ ጥላም እንደ ምች ሊታይ ይችላል፤ ሞዴሉ የተማረው በአመዛኙ በአዋቂዎች ራጅ ስለሆነ ለሕፃናት ባይጠቀሙበት ይመረጣል። የሚያመልጡት ደግሞ ከልብ ጀርባ የተሸሸጉትና ትንንሾቹ ናቸው። ወርዱ 2,500 ፒክስል የነበረ ራጅ ወደ 224 ሲወርድ ከአሥር እጥፍ በላይ ይጠባል፤ ትንሽ ጥላ እዚያ ላይ ይጠፋል። በ512 ፒክስል የሚሠራው ሌላ ሞዴል፣ ሬስኔት 50፣ አብሮ ስለሚገኝ፣ ጊዜ ያለው ሰው ሁለቱንም ቢያስኬድ አይጎዳም።

ሌላ ሆስፒታል ላይ ውጤት ሲወርድ መደነቅ አያስፈልግም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው የሳንባ ምችን እንዲለዩ የሰለጠኑ ሞዴሎች ራጁ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ መለየት ይችላሉ፤ ምች የሚበዛበትን ሆስፒታል ያወቀ ሞዴል ደግሞ ሳንባውን ሳያይ ይገምታል። ፊልም ላይ የሚቀመጠው የግራና የቀኝ ምልክት ሳይቀር ፍንጭ ይሆነዋል።

ሞዴሉ የት እንዳየ ለማወቅ ቦታውን በቀለም የሚያሳይ የሙቀት ካርታ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ብዙ አይጠበቅበት። በ224 ፒክስል የሞዴሉ የመጨረሻ የስሌት ንብርብር 7 በ7 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ቀለሙ ሰፊ ቦታ ላይ ይፈስሳል፣ የጥላውን ጠርዝ አያሳይም። የሚጠቅመው ለማጣራት ነው፦ ቀለሙ ትከሻ ወይም የፊደል ምልክት ላይ ካረፈ፣ ነጥቡ የቱንም ያህል ከፍ ቢል ውጤቱ ይጣላል።