የጀልባ ሞተር ለሚያስቸግራችሁ የባሕር ዳር ሰዎች፦ ምስጋናና ጥቆማ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ምእመናንንና እንግዶችን በማመላለስ ለምንተዳደር ሰዎች የሞተር ነገር የእንጀራ ነገር ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን ለባለቤቱ ብቻ ነግሬ ዝም ከምል፣ ሌላውም እንዲጠቀምበት በአደባባይ ልጽፈው ወደድሁ። የማመሰግናቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ከልክለውኛል፤ እኔም ስጠራቸው እንደኖርሁት ጋሼ እያልሁ እቀጥላለሁ።

ሞተሬ ባለ 15 የፈረስ ጉልበትና ባለ ሁለት ስትሮክ ነው። ወደቡ ላይ ገመዱ አንዴ ሲሳብ ይነሣል፤ ቀስ ብሎ ሲሄድም ምንም አይለውም። ሐይቁ መሃል ደርሼ ነዳጅ ስሰጠው ግን ጥቂት ይሮጥና ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ትንሽ ካረፈ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሣ ሰው ጭኖ መሃል ላይ መቆም ምን እንደሆነ ለምታውቁት አልነግራችሁም።

አንዱ ባለሙያ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ቀየረልኝ፤ ለውጥ የለም። ሌላው ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ክፍል ጠቁሞ «ካርቡራቶሩ አልቆለታል፣ አዲስ ከዱባይ ይምጣልህ» አለኝ። የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ ጀልባውን ሸጬ ባጃጅ ልግዛ እስከማለት ደርሼ ነበር።

ጋሼ ሲመጡ ካቻቢቴም አላወጡ። «ልጄ፣ ሞተሩ ሲጠፋ በነዳጅ ቱቦው መሃል ያለችው፣ በእጅ የምትጨመቀው የጎማ ፓምፕ ምን ትመስላለች? ጠንክራ ነው ወይስ ተጣብቃ?» ብለው ጠየቁኝ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወደብ ላይ የታሰረ ሞተር በሽታውን አይናገርም ብለውኝ አብረን ወደ ሐይቁ ወጣን። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር እጃቸውን ፓምፗ ላይ አድርገው ነበር። ወደ ውስጥ ገብታ ሁለቱ ጎኖቿ ተጣብቀዋል።

እዚህ ላይ የነገሩኝን ላካፍላችሁ፤ ብዙ ገንዘብ የሚያድን ነገር ነውና። ፓምፗ ተጣብቃ ከተገኘች፣ ሞተሩ እየሳበ ነዳጅ ከኋላ አልደርስ ብሎታል ማለት ነው፤ ችግሩ ከታንኩ እስከ ፓምፗ ባለው መንገድ ውስጥ ነው። ጠንክራ ሳለች ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ከእርሷ ወዲያ ወደ ሞተሩ በኩል ይፈለጋል፤ ማጣሪያ፣ የካርቡራቶር መርፌ፣ ወይም ጭራሽ ነዳጅ ያልሆነ ነገር። እየጨመቃችኋት ጨርሶ የማትጠነክር ከሆነ አየር የሚያስገባ መገጣጠሚያ አለ፣ ወይም የራሷ መዝጊያ ደክሟል። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ስትጨምቋት ነፍስ ከዘራ፣ በሞተሩ በራሱ የነዳጅ ፓምፕ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ተበስቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። በላይዋ ያለው ቀስት ሁልጊዜ ወደ ሞተሩ መዞር አለበት። ይህን ሁሉ ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ካርቡራቶር ለማስቀየር የቸኮሉት ሰዎች ግን እጃቸውን አልዘረጉም።

ወዲያው የታንኩን ክዳን ተመለከቱ፤ የአየር ማስገቢያው ብሎን ተከፍቷል። ታንኩ ውስጥ ያለውን የመሳቢያ ወንፊት አወጡ፤ ንጹሕ ነው። ወደ ዳር ተመልሰን ታንኩን ከጀልባው አውርደን ሜዳ ላይ አስቀመጥነው፤ ሲጋራ ይዞ የተጠጋውን አንድ ወጣት በቁጣ አባረሩት። ከዚያ ከታንኩ እስከ ፓምፗ ያለውን ቱቦ ነቅለው በቢላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሁለት ሰነጠቁት። ከውጭ አዲስ የሚመስለው ቱቦ ውስጡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ ቁራጩ ተንጠልጥሏል። ሞተሩ ቀስ ሲል ቤንዚኑ በጎኑ ያልፋል፤ ብዙ ሲስብ ልጣጩ ተነሥቶ መንገዱን ይዘጋል። ሲጠፋ መልሶ ይወድቃል። በሽታው ይኸው ነው፤ የተቀየረውም ክንድ የማይሞላ ቱቦ ነው።

በዚህ አላበቁም። የካርቡራቶሩን ማፍሰሻ ብሎን ፈትተው የወጣውን በነጭ ስኒ ተቀበሉት። ከቤንዚኑ ሥር ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ይንከባለሉ ነበር። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሁልጊዜ ታች ይተኛል፤ ግማሽ ጎደሎ ሆኖ የሚያድር ታንክ ደግሞ ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል። ማደያ ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የምንገዛውም ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ጋሼ የሚመክሩት በመስታወት ብልቃጥ ቀድቶ፣ አሳርፎ፣ አይቶ መግዛት ነው። ካርቡራቶሩን አጥበው ቀጫጭኖቹን የነሐስ ቀዳዳዎች በአየር ነፉ። በሽቦ መቆርቆር ክልክል ነው፤ ቀዳዳው ከሰፋ መጠኑ ይበላሻልና።

አንድ ሌላ ነገርም ነገሩኝ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ፣ በባሕር ወለል ከፍታ ላለ ቦታ ተብሎ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። 15 ፈረስ የተባለው ሞተርም እዚህ ሙሉ 15 አይሰጥም። ነዳጁን የሚመጥነውን ቀዳዳ በአነስተኛ መቀየር ይቻላል፤ እሳቸው ግን «መጀመሪያ በዚህ ሥራበት፣ ሁለት ነገር ባንድ ቀን አይነካም» ብለው ተዉት። ቢሠሩት እከፍል ነበር፤ እምነቴ የበለጠውም እዚህ ላይ ነው። የወሰዱት ገንዘብም ለካርቡራቶሩ ከተጠራልኝ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

እንከን የላቸውም አልልም። ስልክ አያነሡም። በእሑድና በበዓል ቀን መፍቻ አይነኩም። አጠገባቸው ቆሞ የሚያጣድፋቸውን ሰው ሥራውን ትተው ቡና ሊጠጡ ይሄዳሉ። ነዳጁ በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዲስ ሞተር ያለው ሰው ወደ ሌላ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ይህን ራሳቸው ይናገራሉ። ሞተሩ በሙቀት የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የማቀዝቀዣ ውኃ የሚገባበት ቦታ በእምቦጭ ሥር ወይም በላስቲክ ተዘግቶ እንደሆነ አይታችሁ ሂዱ፤ ለእሱ መካኒክ አያስፈልግም።

የሚገኙት ሐይቁ ዳር ነው። ወደቡ ላይ ከድሮ ባለ ጀልባዎች አንዱን «ቱቦ የሚሰነጥቁት ሽማግሌ» ብላችሁ ብትጠይቁ ያደርሳችኋል። ስትሄዱ ታንኩን ከነቱቦው፣ ውስጡ ካለው ቤንዚን ጋር ያዙ። ሞተሩን ብቻ ተሸክማችሁ ከደረሳችሁ ሳያዩት ይመልሷችኋል።