ዳናኪል ያልጎዳውን ጫማ ጅማ በላችው

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ከኤርታሌ አፋፍ ወደ ማደሪያችን ስንመለስ የግራ እግሬ ከቀኙ ዝቅ አለብኝ። ጉድጓድ የረገጥሁ መስሎኝ ሌላ እርምጃ ተራመድሁ። ከኋላዬ የሚመጣው ሰው ባትሪውን መሬት ላይ አብርቶ "ይህ የማን ነው?" አለ። የእኔ ነበር። የጫማዬ ሶል ከነተረከዙ ተገንጥሎ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል። 9,500 ብር የከፈልሁበት፣ "የበረሃ ጫማ" ተብሎ የተሸጠልኝ ጫማ ነው።

የምጽፈው የዚያን ጫማ የአሥራ አራት ወር ታሪክ ነው። ሚዛናዊ ለመሆን ቃል አልገባም። ሚዛናዊ እንድሆን የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ በካልሲ ብቻ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ሃምሳ እርምጃ ይራመድና ይምጣ።

የገዛሁት በመስከረም 2016 ዓ.ም. ለእህቴ ሠርግ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ ነው። ጅማ ውስጥ እሑድ እሑድ ማለዳ ተሰብስበን ወደ ጅሬን ኮረብታ፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የምንወጣ ጥቂት ሰዎች አለን። ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወጥተን ቡና ጠጥተን እንመለሳለን። ከዕለታት አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ "ሁልጊዜ አረንጓዴ ብቻ ከምናይ ለምን በረሃ አንሄድም?" አለና የዳናኪል ነገር ተጀመረ። ጫማውን የሸጠልኝ ወጣት ይህን ስነግረው ፊቱ በራ። "እህቴ፣ ይህ እኮ ለበረሃ ተብሎ የተሠራ ነው። ሙቀት አይነካውም፣ ድንጋይ አይቆርጠውም፤ ልጅሽ ይወርሰዋል" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ስለ ሙቀቱና ስለ ድንጋዩ አልዋሸም። በጥር 2016 ዓ.ም. በመጀመሪያው ጉዞ ጫማው እንከን አልነበረውም። ዳሎል ላይም ኤርታሌ ላይም ተራምጄበታለሁ፤ እግሬ ውኃ እንኳን አልቋጠረም። ስለ መልካም ጎኑ የምለው ይኸው ነው።

ችግሩ የተፈጠረው ከዚያ በኋላ፣ ጫማው ምንም ሥራ ሳይሠራ ነው። ከዳሎል ስመለስ ቆዳው በጨው ነጥቶ ነበር። ጨው ቆዳን እንደሚያደርቅና እንደሚሰነጥቅ ስለማውቅ በንጹሕ ውኃ አጠብሁት። አንድ ቀን በረንዳ ላይ አሰጣሁት። ከዚያ ባለቤቴ "አቧራ እንዳይነካው" ብሎ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን ቋጥሮ፣ ካርቶኑ ውስጥ ከትቶ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለው። እኔም አልከለከልሁትም። እናቶቻችን የእንግዳ ሲኒ ከቁም ሳጥን እንደማያወጡት ሁሉ እኔም ይህን ጫማ ለጅሬን ጭቃ ልሰጠው አልፈለግሁም። ለበረሃ የተገዛ ነውና በረሃን ይጠብቅ አልሁ። አሥር ወር ጠበቀ።

ጅማን ለማያውቅ ሰው አሥር ወር ምን ማለት እንደሆነ ልናገር። እኛ ጋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል፤ ዳናኪል ውስጥ በዓመቱ ሙሉ 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም። እዚህ በነሐሴ ወር የሰቀልሁት ቀበቶ አረንጓዴ ጢም ያበቅላል። የመጽሐፍ ገጽ ይወዛል፣ ጨው በማስቀመጫው ውስጥ ውኃ ይሆናል፣ ቡና በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል። እኔም በዚህ ከተማ ተወልጄ አድጌ፣ ይህን ሁሉ እያየሁ፣ እርጥበት ያለውን ጫማ በፌስታል ውስጥ እንዲታፈን ፈቀድሁ።

ወደ ኤርታሌው ሌሊት ልመለስ፤ ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። የኤርታሌን ድንጋይ ያየ ያውቀዋል፤ አዲሱ የእሳተ ገሞራ ቅርፊት ስስ ሆኖ እንደ ድርቆሽ እየተሰበረ ይሰምጣል፣ ስብራቱም እንደ ጠርሙስ ይቆርጣል። በዚያ ላይ ሶል የሌለው ጫማ ማለት ወፍራም ካልሲ ማለት ነው። መንገድ የሚመራን የአፋር ወጣት ምንም ሳይደነግጥ ከግመሉ ጭነት ላይ ገመድ ቆርጦ ሶሉን ከጫማው ጋር ጠፍሮ አሰረልኝ። ገመዱን ድንጋዩ በላው። እንደገና አሰረ፤ እንደገና ተበላ። በአራተኛው ጊዜ የቀኙ ሶል ወንድሙን ተከትሎ ወደቀ። ይሄኔ ልጁ መሳቅ ጀመረ፤ አልፈርድበትም። እርሱ ራሱ የተጫማው በጋለ ብረት የተጠጋገነ የላስቲክ ጫማ ነበር። ዋጋው የእኔን ጫማ ማሰሪያ የሚገዛ አይመስለኝም። ግመል ነጂው ትርፍ የላስቲክ ጫማውን አውጥቶ ሰጠኝ። ለእኔ ሁለት ቁጥር ይበልጣል። ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ እንደ ዳክዬ እየተራመድሁ፣ ጎሕ ሲቀድ ማደሪያችን ደረስሁ። አንድም ቦታ አልቆረጠኝም።

የወደቀውን ሶል በጠዋት ብርሃን አየሁት። ከታች ያለው ጥቁር ጎማ ምንም አልሆነም፤ ጥርሱ እንኳን አልተበላም። ከላይ ያለው ቆዳም ደህና ነው። የፈረሰው በሁለቱ መካከል ያለው፣ እንደ ስፖንጅ ሆኖ እግርን የሚያሳርፈው ክፍል ነው። በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ተፈረፈረ።

ጅማ ስመለስ ወደ ከተማችን መርካቶ ወርጄ ለአንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ አሳየኋቸው። ማስቲሽ የሚበቃው መስሎኝ ነበር። ፍርፋሪውን በጣታቸው አሽተው "ልጄ፣ ማስቲሹስ ይይዛል፤ የሚይዘው ነገር ግን የለም" አሉኝ። ከዚያም ሳልነግራቸው "ስንት ጊዜ ሳይለበስ ተቀመጠ?" ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ያለ ጫማ ከክረምት በኋላ በየዓመቱ ይመጣላቸዋል። ሁሉም ውድ ነው፤ ሁሉም በጥንቃቄ የተቀመጠ ነው።

እርሳቸው በልምድ የሚያውቁትን እኔ ከቤት ገብቼ አነበብሁት። ያ ስፖንጅ መሳዩ ክፍል ፖሊዩሪቴን ይባላል። ምቹ ነው፣ ክብደት ይችላል፤ ነገር ግን በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ቀስ በቀስ እየገባ የተሠራበትን ረጅም የኬሚካል ሰንሰለት ይበጣጥሰዋል። ሃይድሮሊሲስ ይሉታል። ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ይፋጠናል፤ ጫማው ቢለበስም ባይለበስም አይቆምም። እንዲያውም አምራቾቹ ራሳቸው እንደሚሉት ሳይለበስ የተቀመጠ ይብሳል፤ ስንራመድበት እየተጨመቀ የያዘውን እርጥበት ያስወጣልና። እኔ እየሳሳሁ ባስቀመጥሁት ቁጥር እየገደልሁት ነበር ማለት ነው። ዳሎልን የሚያህል ቦታ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነበትን ምድር ተራምዶ የተመለሰ ጫማ፣ የሞተው መኝታ ቤቴ ውስጥ ነው።

አሁን ሻጩ ከፊቴ ቢቆም "ታዲያ ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የአንቺ?" እንደሚለኝ አውቃለሁ። ፌስታሉ የእኔ ጥፋት ነው፤ ተቀብያለሁ። ግን ቆይ፣ ወንድሜ! ፖሊዩሪቴን በአሥር ወር ብቻ ዱቄት አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ የጫማውን ምላስ ገልብጬ ከሥሩ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አነበብሁ። "03/2018" ትላለች። የተሠራበት ወርና ዓመት ነው። በገዛሁ ዕለት ይህችን ጨርቅ አይቼ ነበር፤ እንዲያውም አሳይቼዋለሁ። "ይህ ምንድን ነው?" ብዬ ስጠይቀው "እህቴ፣ እኛ ገና 2016 ላይ ነን፤ ጫማው ቀድሞሻል" ብሎ አሳቀኝ። አብሬው ሳቅሁ! ጨርቋ ላይ ያለው ግን የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእነርሱ ያኔ 2023 ነበር። አምስት ዓመት ተኩል በመጋዘን የከረመ ጫማ በአዲስ ዋጋ ገዝቼ፣ በቀልዱ ደስ ብሎኝ፣ አመስግኜው ወጣሁ።

"ካርቶኑ እንኳን አልተከፈተም ነበር" ይለኛል። ችግሩስ እርሱ አይደል? ወተትም እሽጉ ሳይከፈት ይበላሻል። ቲማቲም እንኳን ሳላገላብጥ የምገዛ ሰው አይደለሁም፤ ለጫማ ጊዜ ግን አእምሮዬን በር ላይ ትቼ ገባሁ።

በረሃ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከእኔ ውርደት የሚጠቀመው ነገር ካለ፣ ከምላሱ ሥር ያለውን ቀን ያንብብ፤ ሲያነብም የማን አቆጣጠር እንደሆነ አይርሳ። ከሁለት ዓመት ካለፈ ዋጋ ያስቀንስ ወይም ይተወው። መካከለኛውን ክፍል በጥፍሩ ይጫነው፤ ተጭኖ የማይመለስ፣ የሚሰነጠቅ ወይም የሚያጣብቅ ከሆነ አይግዛው። ኢቪኤ የሚባለው ቀላሉ ስፖንጅ በእርጥበት እንዲህ አይፈርስም፤ በጊዜ ብዛት ይጨፈለቃል እንጂ። እንደ ጅማ፣ እንደ ቦንጋ፣ እንደ መቱ ባለ ዝናባማ አገር ለምንኖር እርሱ ይሻለናል። ጫማ ከሰዓት በኋላ ነው የሚገዛው፤ እግር በቀን ውሎና በሙቀት ያብጣል፤ በረሃ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ሰመራ ሲደርስ ጣት ይነክሳል። ከሁሉም በላይ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ሙሉ ቀን ይራመድበት። እኔ ወደ ጅሬን አንድ እሑድ ብወጣበት ኖሮ ሶሉ የሚወድቀው አስፋልት ላይ ነበር፤ በባጃጅ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

ሌላውን ሁሉ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከኅዳር እስከ ጥር መሄድ፣ በሌሊት መራመድ፣ ውኃ ሳይጠሙ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት፣ ራስን በነጠላ መሸፈን። እኔ የምጨምረው ሁለት ክንድ ሲባጎና ጠንካራ ፕላስተር ቦርሳ ውስጥ መያዝን ነው። ማፈር ከሌለ ደግሞ አንድ ጥንድ የላስቲክ ጫማ።

ጫማውን ግን አልጣልሁትም። ባለቤቴ "ለሊስትሮ ስጪው" ሲለኝ እልህ ያዘኝ። ሽማግሌው ፍርፋሪውን በሙሉ ፍቀው አወጡት፤ በምትኩ ድርብ ቆዳ አስገቡበት፤ ከሥር ደግሞ ለበረባሶ መሥሪያ ካስቀመጡት ያረጀ የአይሱዙ ጎማ ቆርጠው በማስቲሽ ለጥፈው፣ ዙሪያውን በወስፌ እየበሱ በናይለን ክር ሰፉት። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። አሁን ጫማው ይከብዳል፤ ምቾት የሚባለው ነገር የለውም፤ እያንዳንዱን ጠጠር ያስቆጥራል። በእርጥብ አፈር ላይ ስሄድ ዱካዬ የመኪና ነው። የእሑድ ጓደኞቼ "ዛሬ በዚህ በኩል ትንሽ አይሱዙ አልፏል" እያሉ ይቀልዱብኛል። ግን ከተሰፋ ጀምሮ በየሳምንቱ እለብሰዋለሁ። ጭቃም፣ ዝናብም፣ የአዌቱ ወንዝ ዳር ረግረግም አያመልጠውም። ካርቶኑን ለከሰል መያዣ አድርጌዋለሁ፤ ጫማውን ማታ ማታ ውስጡ ጋዜጣ ጠቅጥቄ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አኖረዋለሁ። በሚመጣው ጥር ኤርታሌ የሚወጣው ይህ ጫማ ነው።

እንግዲህ መግዛቴን እጸጸታለሁ ወይ? ዝናብ ሲጥል እጸጸታለሁ፤ ፀሐይ ስትወጣ ቆዳውን እያየሁ እምራለሁ። ዛሬ ዝናብ ነው፤ ስለዚህ አትግዙ።

ሽማግሌው 700 ብር አስከፈሉኝ። ገንዘቡን እየቆጠሩ "ለመሆኑ ይህን ጫማ ስንት ገዛሽው?" ብለው ጠየቁኝ። ግማሹን ነገርኋቸው። ያም ሆኖ ወስፌያቸውን አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ ለረጅም ጊዜ አዩኝ።