«በመጠን ክፈል» የሚለው ቁልፍ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ደሴ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከስምንት ወር በፊት ትልልቅ ፒዲኤፎችን የሚከፋፍል ሶፍትዌር ገዛሁ። የዓመቱን ክፍያ በካርዷ የከፈለችልኝ ጂዳ ያለችው እህቴ ናት። ሰው ቤት ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብናደድ አትፍረዱብኝ።

ሶፍትዌሩ ገጽ ያዞራል፣ ፋይል ያገጣጥማል፣ የፈለግኩትን ገጽ ለይቶ ያወጣል። በዚህ በኩል አላስቸገረኝም። እኔ ግን የገዛሁት «በመጠን ክፈል» ለሚለው አንድ ቁልፍ ብዬ ነው፤ የፈለግከውን ሜጋ ትሞላለህ፣ ፋይሉን ከዚያ በማይበልጡ ክፍሎች ይቆርጥልሃል የተባለ ቁልፍ። እኛ ቤት የሚመጣው ሰው ግማሹ «ኢሜይሉ አልሄድ አለኝ» ብሎ ነው የሚመጣው። ጂሜይል ከ25 ሜጋ በላይ አያያይዝም። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከ10 ሜጋ በላይ አይቀበልም።

ባለፈው ወር አንድ ተቋራጭ ከኮምቦልቻ መጡ። ሐጂ ነው የምንላቸው። አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅት የሚላክ ሰነድ ይዘዋል፤ 214 ገጽ። 170ው ጽሑፍ ነው፣ የቀረው 44 ገጽ ባለቀለም የሕንፃ ፕላን። ስካን ሳደርገው 96 ሜጋ ሆነ። ተቀባዩ የሚፈቅደው 10 ሜጋ ነው፤ ማስረከቢያው በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት።

10 ቢልም 10 ብዬ አልሞላሁም። ፋይል በኢሜይል ሲሄድ ወደ ተራ ፊደል ይቀየራል፤ 3 ባይት የነበረው 4 ይሆናል። በሲሶ ያብጣል ማለት ነው። ይሄን በመከራ ነው የተማርኩት። ስለዚህ 7 ሜጋ ብዬ ሞላሁና ተጫንኩት። አረንጓዴ ምልክት አሳየኝ። 15 ክፍል። ሁሉንም በየተራ ላክሁ። «ተልኳል ሐጂ» አልኳቸው። መርቀውኝ ወደ ኮምቦልቻ ተመለሱ።

ጠዋት 2 ሰዓት ሱቁን ከፍቼ ኢሜይሉን ሳይ ሦስቱ ተመልሰዋል።

ፎልደሩን ከፈትኩ። የመጀመሪያዎቹ 11 ክፍሎች እያንዳንዳቸው 2 ሜጋ ገደማ ናቸው። 12ኛው ወደ 17 ነው። 13ኛውና 14ኛው ሃያ አራት ሃያ አራት ሜጋ! 7 ብዬ ነበር እኮ የሞላሁት። የገጹን ብዛት ስቆጥር ነገሩ ገባኝ። አሥራ አራቱም ክፍል እኩል 15 ገጽ ነው የያዘው፣ የመጨረሻው 4። ሶፍትዌሩ የገጾቹን ክብደት አላየም። 96ን ለ214 አካፈለ፣ አንዱ ገጽ 450 ኪሎባይት ገደማ ነው አለ፣ በ7 ሜጋ ውስጥ 15 ገጽ ይገባል ብሎ ቆረጠ። ጽሑፉ ግን በገጽ 150 ኪሎባይት ነው፤ ፕላኑ 1.6 ሜጋ። ጤፍና ድንጋይ በአንድ ቁና መስፈር ማለት ይሄ ነው።

ለሐጂ ደወልኩና እውነቱን ነገርኳቸው። «አብሽር ልጄ፣ ገና ሁለት ሰዓት አለን» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የተመለሱትን ፕላኖች አራት አራት ገጽ እያደረግኩ በእጄ ለየሁ። አሥር ቦታ። የመጨረሻው ኢሜይል የሄደው 3 ሰዓት ከ45 ላይ ነው።

ሻጩ ይህን ቢያነብ የሚለው ይታወቀኛል። «ስካኑን ለምን አልቀነስክም?» ይላል። እውነት ነው፣ ስካኑን ከ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የነጥብ ብዛት) ወደ 300 ብታወርደው የነጥቡ ብዛት በአራት እጅ ይቀንሳል። ለደብዳቤ እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። የፕላን መስመር ግን ፀጉር ያክላል፤ ልኬቱ የተጻፈበት ቁጥር ደቃቅ ነው። አደብዝዤ ብልክ መሐንዲሱ 3ቱን 8 ብሎ ቢያነበው ተጠያቂው ማነው? «ሊንክ ላክ» ይል ይሆናል። ተቀባዩ በአባሪ ብቻ ነው ያለው። «መጠኑ ግምት ነው» ካለኝ ደግሞ ለምን ቁልፉ ላይ አልጻፈውም? ቢያንስ «ሦስት ክፍሎች ከጠየቅከው በላይ ሆነዋል» ብሎ ቢነግረኝ ይቅር እለው ነበር። እሱ ግን አረንጓዴ ምልክት ነው ያሳየኝ።

ሶፍትዌር የማይችለውን አልጠይቅም። አንድ ገጽ ለብቻው 9 ሜጋ ከሆነ ማንም ገጹን ለሁለት ሊቀደው አይችልም፤ ያ ክፍል 9 ይሆናል። ክፍሎቹ ተደምረው ከዋናው ቢበልጡም አያስደንቀኝም። በሁሉም ገጽ ላይ ያለ አርማ ወይም ፊደል ዋናው ፋይል ውስጥ አንድ ጊዜ ሊቀመጥ ይችላል፣ ሲከፈል ግን በየክፍሉ መግባት አለበት። ይሄ የፒዲኤፍ ጠባይ ነው። ሳይመዝኑ መቁረጥ ግን ስንፍና ነው።

የዚያኑ ቀን ማታ ፒዲኤፍሳም ቤዚክ የሚባለውን አወረድኩ። ነጻ ነው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የሰው ሰነድ ከላፕቶፔ አይወጣም። እሱም በመጠን የሚከፍል ክፍል አለው። ያንኑ የሐጂን ፋይል ሰጠሁት፣ ያንኑ 7 ሜጋ ሞላሁ። ይሄም 15 ክፍል አወጣ። ግን የመጀመሪያው ክፍል 46 ገጽ ያዘ፤ የፕላኖቹ አራት አራት ገጽ። ከ7 ያለፈ አንድም የለም። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ደስ አለኝ፤ ደግሞም አንጀቴ አረረ። ስምንት ወር ሙሉ ይሄ በነጻ እያለ!

ስለዚህ ልግዛ ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ አትግዛ ነው። ገጽ ለማዞርና ለማገጣጠም ብለህ ገንዘብ አታውጣ። የትኛውንም ብትይዝ ደግሞ መጀመሪያ ግማሹ ጽሑፍ፣ ግማሹ ፎቶ የሆነ ፋይል ስጠውና ክፍሎቹን አንድ በአንድ እያቸው። የክፍሎቹ ገጽ እኩል ከሆነ፣ አልመዘነም።

እህቴ በቀደም በድምፅ መልእክት ጠየቀችኝ፦ «አራት ወር ነው የቀረው፣ ላሳድሰው ወይ?» አይ፣ ተይው አልኳት። ብሩን ለእማ ላኪላት፤ ደሴ ብርዱ ገብቷል።