«መብራት ሲመጣ ትሞክረዋለህ» ለሚላችሁ ሻጭ ቀብድ አትስጡ

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ላይ ቤዝ ጊታር ለምትጫወቱና ዕቃ ልትገዙ ብር ለቋጠራችሁ ነው። 95 ሺህ ብር ከፍዬ የተማርኩትን በነጻ ልንገራችሁ። የሻጩን ስም አልጠራም። ብጠራውም አይጠቅማችሁም፤ ገጹን ዘግቶ በሌላ ስም ከፍቷል። ዘዴው ግን ያው ነው። እየሠራለት ለምን ይቀይረዋል?

ነገሩ የሆነው ጥር ላይ ነው፣ ልክ ጥምቀት እንዳለፈ። ሙዚቀኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሠርግ በሠርግ ላይ ነው። የድሮው ቤዜ መቃኛው እየላላ በየዘፈኑ መሐል ያሳፍረኛል። የራሴ አምፕ (የቤዙን ድምፅ የሚያጎላው ማሽን) ደግሞ ኖሮኝ አያውቅም። እንዲህ ሆኜ ሳለ ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ አየሁ፦ «ኦርጅናል ፌንደር ጃዝ ቤዝ፣ ባለ 1000 ዋት አምፕ፣ ባለ 15 ኢንች ስፒከር። ሦስቱም አንድ ላይ። ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊወጣ ስለሆነ አስቸኳይ ሽያጭ።»

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የሙዚቃ ዕቃ ዋጋ አይቀመስም። ለሦስቱ 95 ሺህ ሲባል መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም። እንዲያውም ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ብዬ በዚያው ማታ 10 ሺህ ቀብድ በቴሌብር ላክሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለኔ ነው።

በማግስቱ ዓባይ ማዶ አንድ ግቢ ውስጥ ተቀጣጠርን። ሙቀቱ አይጣል ነው። ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ቀዝቃዛ ውሃ ገዝቼ ገባሁ። ዕቃው አልጋ ላይ በሥርዓት ተደርድሯል፣ ተወልውሏል፣ ያብለጨልጫል። መብራት ግን የለም። «አሁን ገና ጠፋ፣ ወንድሜ፣ የኛን አገር መብራት ታውቀው የለ?» አለኝ። አዎ፣ አውቀዋለሁ። ማንም አይጠራጠርም እኮ! እዚህ ከተማ መብራት ጠፋ ሲሉህ ማስረጃ አትጠይቅም። ውሃው በረዶ የመሰለበት ምክንያት፣ ማለትም የሱቁ ፍሪጅ እየሠራ መሆኑ፣ ትዝ ያለኝ ቀሪውን ብር ከላክሁ በኋላ ነው። ቆጣሪው ጋ ያለችውን ማጥፊያ ራሱ ዝቅ ሳያደርጋት አልቀረም።

ቤዙን ያስሞከረኝ በባትሪ በምትሠራ፣ መዳፍ በምታክል የልምምድ አምፕ ነው። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። መዳፍ የምታክል ስፒከር ያንን አታወጣም፤ የምትሰሙት ከላይ ያለውን ጭላጭ ብቻ ነው። የፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) መንቀጥቀጥ፣ የሽቦ ጩኸት፣ የላላ ነገር ሁሉ ይደበቃል። ትንሽ ሲንጫጫ ሰማሁና ጠየቅሁት። «የቤዙ ባትሪ ደክሞ ነው» አለኝ። ተቀበልኩ። በኋላ ከፍተን ስናየው ባትሪ ቀርቶ የባትሪ ቦታ የለውም። ሁለት የድምፅ ቁልፍና አንድ የቶን ቁልፍ ብቻ ያለው ተራ ጃዝ ቤዝ ያለ ባትሪ ነው የሚሠራው።

ሌላም አለ። «የ1958 ሥሪት ነው» ብሎኛል። ጃዝ ቤዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በፈረንጆቹ 1960 ነው። በዚያን ሰዓት ይህን አላጣሁትም። ግን ልቤ ዕቃው ላይ ስለነበር «በእኛ አቆጣጠር ማለቱ ይሆናል» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የአሜሪካው ፌንደር ኩባንያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ የጀመረው መቼ እንደሆነ እንጃ። የዚያ ዘመን እውነተኛ ጃዝ ቤዝ ቢሆን ደግሞ በ95 ሺህ ብር ሻንጣውም አይገኝ።

«መብራት ሲመጣ ትሞክረዋለህ፤ ካልሆነልህ ትመልሰዋለህ፤ እኔ የት እሄዳለሁ?» አለኝ። ቀሪውን ላክሁለት። ሠርጉ በዚያው ቀን ስለነበር ቤት ልሞክረው ጊዜ የለኝም። እኔ፣ ስፒከሩ፣ አምፑና ቤዙ አንድ ባጃጅ ውስጥ ተደራርበን ድልድዩን ተሻግረን ሐይቁ ዳር ወዳለው አዳራሽ ሄድን።

የአምፑ ሶኬት እግር ጠፍጣፋ ነው፣ የአሜሪካ። ሦስተኛዋ ክብ እግር ተቆርጣለች። ሳውንዱን የሚሠራው ሰው በዕድሜ ይበልጠናል፤ አየት አደረገውና «ልጄ፣ ይሄን ነገር አንብበኸዋል?» አለኝ። «ኧረ ይሠራል ጋሼ» አልኩት። አዳፕተር ፈልጌ ሰካሁት።

ጧ! አለ። ከጀርባው ጭስ ወጣ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ አዳራሹን ሞላው። አምፑ ብቻውን ቢሄድ ጥሩ ነበር። የመድረኩን መብራት፣ ኪቦርዱንና ሚክሰሩን ይዞ ጠፋ። ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰዋል፣ እልልታው ተጀምሯል። አንዲት እናት ሮጠው መጡና «ልጆቼ፣ ምን ፈነዳባችሁ?» አሉን። ምን ልመልስላቸው?

የፈነዳው ይህ ነው። እኛ አገር ግድግዳ ላይ ያለው 220 ቮልት ነው። አሜሪካ 120 ነው። ለ120 ብቻ የተሠራ አምፕ 220 ላይ ሲሰካ የሚገባበት ቮልት የመጠኑን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዕድለኛ ከሆናችሁ ፊውዙ ብቻ ይቃጠላል። የኔው ከፊውዙ አልፎ ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ሆዳቸው ተቀዷል። ከጀርባው ቮልቱ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎበታል። ላጥ ሳደርገው «120» የሚል ወጣ። ጌጥ መስሎኝ ነበር፣ ሙት!

ስለዚህ ከምንም በፊት የአምፑን ጀርባ አንብቡ። «100–240» የሚል ከሆነ እዚህም እዚያም ይሠራል። 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማንሸራተቻ ካለው 230 ላይ መሆኑን ዓይታችሁ ነው የምትሰኩት። 120 ብቻ ካለ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ያውም አምፑ የሚፈልገውን ኃይል ከበቂ በላይ የሚችል። የትራንስፎርመሩን ዋጋ ከመሸጫው ቀንሱ። ጽሑፉ ከተሸፈነ ወይም ከተፋቀ እሺ ብላችሁ ውጡ።

የተቆረጠችው እግር ደግሞ ቀልድ አይደለችም። የኧርዝ መስመር ናት፤ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የምትወስድ። እሷ ከሌለች አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ ኤሌክትሪኩ በገመዱ አድርጎ ክሩ ላይ ይመጣል። እጃችሁ ክሩ ላይ፣ ከንፈራችሁ ማይኩ ላይ ነው። እኔ አሁን የትኛውም አዳራሽ ስገባ አፌን ወደ ማይክ ሳላስጠጋ ክሩንም ማይኩንም በቴስተር ነካ አደርጋለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። ጋሼ አዳራሹን መልሰው አበሩልን፣ ከቦርሳቸው ዲአይ ቦክስ (ቤዝን ያለ አምፕ ከሚክሰር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) አወጡና ቤዙን በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሰኩልኝ። በሞንታርቦው ወጣ። እዚህ ላይ ሁለተኛው ጉድ ተሰማ። ወደ ታች አካባቢ ስጫወት ደህና ነው። ወደ ላይ በወጣሁ ቁጥር ድምፁ ከኪቦርዱ እየራቀ ይወርዳል። ጭፈራው እየጋለ እያለ ብዙም አይታወቅም፤ ትዝታ ስንጀምር ግን ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ዞረ። ቀስ ባለ ዜማ ላይ የተሳሳተ ቤዝ መደበቂያ የለውም። ድምፃዊዋ ዞር ብላ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም።

በማግስቱ በሜትር ለካነው። ይህን ሻጩ ፊት ልታደርጉት ትችላላችሁ፣ መብራትም አይፈልግም። መደበኛ ቤዝ ከላይኛው የክር መቀመጫ እስከ ብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት ብረት) 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ነው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት እኩሌታው ላይ፣ 43 ገደማ ላይ መዋል አለበት። ከዚያ እስከ ብሪጁ ያለውም ወደዚያው ነው፤ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ምንም አይደለም። የኔው ከአንድ ሴንቲ በላይ ይበልጣል። ብሪጁ ተነቅሎ ወደ ኋላ ተገጥሟል። የድሮዎቹ የብሎን ቀዳዳዎች ተደፍነው ቀለም ተቀብተዋል። ሜትር ካልያዛችሁ ቲዩነር (ክር መቃኛ መሣሪያ) ይበቃል። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ አሰሙት፣ ከዚያ ተጭናችሁ አሰሙት። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። በጥቂቱ ከተለያዩ የብሪጁ ብሎን ያስተካክለዋል። በብዙ ከተለያዩ አትድከሙ።

አንገቱንም እዩት። አናጢ ጣውላ ቀጥ ማለቱን እንደሚያየው አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከጫፉ ወደ ታች አነጣጥሩ። ከዚያ አንዱን ክር የመጀመሪያው ፍሬትና የመጨረሻው አካባቢ ላይ በሁለት እጅ ተጫኑት። መሐል ላይ፣ ሰባተኛው ፍሬት ጋ፣ ቢዝነስ ካርድ የምታስገባ ቀጭን ክፍተት ስትኖር ጥሩ ነው። እርሳስ የሚያስገባ ከሆነ ጎብጧል። መጉበጡ ብቻውን አያስደነግጥ፤ እንጨት ነው። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን ዝናቡም ሐይቁም ተደምረው አየሩ ይረጥባል፣ በጋ ላይ ይደርቃል፣ አንገቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ለዚህ ነው ውስጡ ትረስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ ያለው፤ በቁልፍ እየዞረ ያቃናዋል። ሻጩን «እስቲ ሩብ ዙር አዙረህ አሳየኝ» በሉት። የኔው ቁልፍ መግቢያው ተበልቶ በሙጫ ተደፍኗል። በዚህ ከተማ አየር የማይስተካከል አንገት ያለው ቤዝ የዓመት ዕቃ አይደለም።

ስፒከሩስ? ሳጥኑ ጀርባ «8 ኦም» ይላል፤ ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው። በመልቲሜትር ስንለካው 3 ከምናምን አሳየ። ባለ 8 ኦም ስፒከር ሲለካ ብዙውን ጊዜ 6 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ፈታነው። የመኪና ሰብዉፈር ነው! ለመኪና ጥሩ ይሆናል፤ ለቤዝ ግን ታች ታቹን ብቻ እያጓራ ጣታችሁ የሚለውን አያሰማም። የባሰው አደጋ ሌላ ነው። ሳጥኑን አምናችሁ ሌላ ባለ 8 ጎን ለጎን (ፓራለል) ብታገናኙበት፣ እንዲህ ሲገናኙ ኦሙ ስለሚቀንስ፣ ሁለቱ አንድ ላይ 4 ኦም የሚሆኑ ይመስላችኋል። በእውነቱ 2.7 ገደማ ነው፤ ከ4 በታች የማይችል አምፕ ደግሞ እዚያው ይቃጠላል።

1000 ዋት የሚለው ፒክ ነው፣ ለቅጽበት የሚደርስበት። እናንተ የሚቆየውን፣ አርኤምኤስ የሚባለውን ጠይቁ፣ ያውም በስንት ኦም እንደሆነ። በ4 ኦም 300 ዋት የሚሰጥ አምፕ በ8 ኦም ወደ ግማሹ ይጠጋል።

ለሻጩ ደወልኩለት። «ያለ ትራንስፎርመር ማን ስካ አለህ?» አለኝ። ስለሌላው ስጠይቀው ላሽ አለ፣ ከዚያ ቁጥሬን ዘጋው። ወረቀት የለኝ፣ መታወቂያውን ፎቶ አላነሳሁ፣ ቴሌብሩም የተላከው በሌላ ሰው ስም ወዳለ ቁጥር ነው። ከሰው ላይ ስትገዙ ሁለት መስመር ጽፋችሁ አስፈርሙት። የዕቃውን ስም፣ ዋጋውን፣ «ሳይሠራ ቢቀር እመልሳለሁ» የሚለውን። እውነተኛ ሻጭ አይቀየምም።

አሁን ያ ብር በእጄ ቢኖር አምፕ አልገዛም ነበር። ይህ የኔ አስተያየት ነው፣ የሚቃወመኝ ቤዚስት አይጠፋም። ሠርግም ሆነ ሆቴል ላይ ሞንታርቦ ሁልጊዜ አለ። ሥም የሌለው ግን አንገቱ ቀጥ ያለ ቤዝ፣ አንድ ደህና ዲአይ ቦክስ፣ ቲዩነር፣ ሁለት ገመድና አንድ መለዋወጫ ክር እገዛ ነበር። ዲአዩ አክቲቭ፣ ማለትም ለመሥራት ኃይል የሚፈልግ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ከሚክሰሩ በማይክ ገመድ የሚመጣ ፋንተም የሚባል 48 ቮልት ይፈልጋል፤ ሳውንድ ለሚሠራው ሰው ቀድማችሁ ንገሩት። ይህ ሁሉ በአንድ የትከሻ ቦርሳ ይገባል፣ ባጃጅ ውስጥም ሰው መስላችሁ ትቀመጣላችሁ።

ትናንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ገና ጀማሪ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ይለማመዳል። አንድ ማስታወቂያ አይቶ ሊያማክረኝ ነው። ፎቶውን ላከልኝ። ስፒከሩ ሌላ ነው፣ ቤዙ ሌላ ነው፣ የአልጋ ልብሱ ግን ያው ነው። ሻጩ ቅዳሜ ና ብሎታል፤ «ሰሞኑን መብራት ያስቸግረናል» ብሎም አስቀድሞ ነግሮታል።

አብሬው እሄዳለሁ። ሜትር፣ ቲዩነርና መልቲሜትር ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ ግን ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ገብተን ቀዝቃዛ ውሃ እንጠይቃለን።