የሾላው የልጆች ቦቲ፣ ከሁለት ወር ጭቃ በኋላ

ስለ ጫማ ሪቪው እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ግን ሐምሌና ነሐሴን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሁለት ልጅ ጋር ተዘግቶ ያሳለፈ ሰው ይገባዋል። ትልቁ 7 ዓመቱ ነው፣ ሚጡ ደግሞ በቅርቡ 4 ደፍናለች። ትምህርት ቤት ሰኔ ላይ ይዘጋል፣ የሚከፈተው መስከረም ነው፣ መሀሉ በሙሉ ዝናብ። ይሄን ካላንደር ያወጣው ሰው ልጅ አልነበረውም እላለሁ ሁሌ።

አምና እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። ቁርስ፣ ቲቪ፣ ምሳ፣ ታብሌት፣ እራት፣ በቃ ይሄው ነው። ትልቁ ከሶፋ ሶፋ መዝለል ጀመረ፣ ሚጡ ደግሞ ከሳሎን ተነስታ እየሮጠች መኝታ ቤቱ በር ላይ በግንባሯ ነው የምታቆመው፣ ከዛ ከታች ያሉት እትዬ መጥረጊያቸውን ገልብጠው ጣሪያቸውን መደብደብ ይጀምራሉ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝተውኝ "ልጄ፣ እዛ ላይ ፈረስ ነው እንዴ የምታረቢው?" አሉኝ። ምን ልበል፣ እውነታቸውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ትንፋሽ ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል፣ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ደግሞ ቀላሉም ከባዱም ተደምሮ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ። አዎ ሦስት ሰዓት! ሶፋ ላይ ሦስት ሰዓት ከየት ይመጣል?

ዘንድሮ መጀመሪያ የሞከርኩት አንድ ሞል ውስጥ ያለ የልጆች መጫወቻ ነው፣ ስሙን ልተወው። ለአንድ ልጅ በሰዓት 400 ብር፣ ሁለት ሲሆኑ 800፣ ካልሲ ረስተን ስለሄድን ካልሲ ካልገዛችሁ አትገቡም ተባልን፣ እሱም መቶ መቶ ብር፣ ላይ ላዩን ደግሞ ራይድ ደርሶ መልስ፣ ሲወጡ "ማሚ ራበኝ" ይመጣል፣ ቺፕስ ጁስ ምናምን፣ ብቻ ለአንድ ሰዓት ዝላይ ሁለት ሺህ ብር ደህና ሁኚ። ያውም ዝላይ ከተባለ። ቅዳሜ ስለነበር ከተማው በሙሉ ልጁን ይዞ እዛ ነው ያለው፣ ትልቁ ትራምፖሊን ላይ ለመውጣት ከተከፈለበት ሰዓት ሃያውን ደቂቃ ሰልፍ ላይ ነው ያጠፋው። ሚጡ ከኳሱ ገንዳ ውስጥ የማናውቀው ልጅ ካልሲና የተነከሰ ብስኩት ይዛ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ጉንፋን። ውጭ ያለው ብርድ ያሳምምብኛል ብዬ የምፈራው እኮ እኔው ነኝ!

ከዛ እህቴ "ባክሽ ቦቲ ግዢላቸውና ልቀቂያቸው" አለችኝ። ሾላ ገበያ ሄድኩ። ብራንድ የለውም፣ የጎማ ቦቲ ነው በቃ፣ እስከ ባት የሚደርስ፣ ውስጡ ስስ ጨርቅ ያለው፣ ቢጫም ሰማያዊም አለ። ሻጩ ልጅ አንዱን 1,200 አለኝ። "ወንድሜ ለልጅ ነው እኮ፣ ለወታደር አይደለም" አልኩት። "እናቴ ከርሞም ያደርጉታል ስልሽ!" እያለ ተከራከርን ተከራከርንና ሁለቱን በ1,650 ወሰድኩ። ከአንድ የሞል ቅዳሜ ያነሰ ማለት ነው። 

አሁን ሳይዝ ላይ ነው ጉዱ። ሻጩ "ያድጋሉ፣ ሁለት ቁጥር ጨምሪ" ብሎኝ ነበር። ለትልቁ አልሰማሁትም፣ አንድ ቁጥር ብቻ ጨመርኩ፣ በወፍራም ካልሲ ልክክ አለ። ለሚጡ ግን ሰማሁት። እና ሰሚት፣ አያት፣ ቦሌ አራብሳ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ የኛ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቅና ክረምት ሲመጣ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፣ እንደ ሊጥ ይሆናል። እንጦጦ ግርጌ ያለው ቀይ አፈር ያንሸራትታል፣ የኛ ግን ይዞ አይለቅም። የመጀመሪያው ቀን ሚጡ ከብሎኩ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ሦስት እርምጃ ሄደች፣ አራተኛው ላይ እግሯ ወጣ ቦቲው ቀረ። በነጭ ካልሲ አንድ እግሯን አንጠልጥላ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ሳታለቅስ ዞር ብላ አየችኝና "ማሚ፣ ጫማዬን በላው" አለች። ልደርስላት ስገባ የኔም ሸራ ጫማ እዛው ቀረ። ዘበኛው ጋሼ ጃንጥላቸውን ይዘው ቆመው እያዩን ነበር፣ "ስንት ዓመት ስጠብቅ ጫማ የሚሰርቅ መሬት ዛሬ ገና አየሁ" አሉ። ከዛ መጥተው ቦቲውን በሁለት እጃቸው ሲጎትቱት ጯ! ብሎ ወጣ፣ ልጅቷ በዛ ድምፅ እንዴት እንደሳቀች። ድምፁን ለመስማት ሆን ብላ ደግማ ልትነክረው ስትሞክር ነበር የቀረውን ጠዋት ያሳለፍነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ ጨምሩ፣ ሁለት አትጨምሩ፣ የሚጡን ጫፉ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቄበት ነው ክረምቱን የጨረስነው።

ፕሮግራማችን እንዲህ ሆነ፣ የአዲስ አበባ ክረምት ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ነው የሚብሰው አይደል፣ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ሰማዩ ትንሽ ይተነፍሳል፣ እሷን ሰዓት አናስነካም። ካፊያ ከሆነም እንወጣለን። ምን ይሠራሉ እዛ ካላችሁኝ፣ ኧረ እኔም መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ቆይተው ይሰለቻሉ ብዬ ነበር። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ የሚሄድባትን ትንሽ ቦይ በጭቃና በድንጋይ ይገድባሉ፣ ስሙን ህዳሴ ብለውታል፣ ሲሞላ አንዱ በቦቲው ይመታውና ይፈርሳል፣ ጩኸት ነው፣ እንደገና ይሠራል። የወረቀት ጀልባ ይለቃሉ። ኳስ ይጫወታሉ ግን ኳሷ ጭቃው ላይ አትነጥርም፣ ስለዚህ ሁሉም ተንጋግተው ኳሷ ላይ ይወድቃሉ። ሚጡ እቃ እቃ ነው፣ የጭቃ እንጀራ ትጋግርልኛለች፣ እኔም እበላለሁ ማለት ነው ያው። በሳምንቱ ከሌሎቹ ብሎኮች ስምንት ዘጠኝ ልጅ ተሰብስቦ ነበር፣ ግማሾቹ በኮንጎ ጫማ። ኮንጎ እንዳትንቁት፣ ርካሽ ነው፣ በውሃ ለቅለቅ ካደረጋችሁት አለቀ፣ ግን ውሃው በቀዳዳው ስለሚገባ እግራቸው ቶሎ ይቀዘቅዝና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ "ልግባ" ይላሉ። በቦቲ ሁለት ሰዓት ተኩል የቆዩበት ቀን አለ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ያለ ምንም ጭቅጭቅ ይተኛሉ፣ ይሄን ለብቻው አምስት ኮከብ እሰጠዋለሁ።

አሁን ወደ ችግሮቹ። ውስጡ ያለው ጨርቅ አንዴ ከራሰ ለነገ አይደርቅም፣ ክረምት ላይ ፀሐይ የለም፣ በረንዳ ላይ ገልብጬ ስሰቅለው ጭራሽ ይሸታል። መፍትሄው ጋዜጣ ነው፣ ጨምድዳችሁ እስከ ጫፍ ጠቅጥቁት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያንን አውጥታችሁ ሌላ ቀይሩ፣ ጠዋት ደርቆ ታገኙታላችሁ። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ስለጠፋ ከሱቅ መጠቅለያ ወረቀት ነው የምለምነው። ሁለተኛ ጎማ አያሞቅም፣ ውሃ ነው የሚከለክለው እንጂ ብርድ አይከለክልም፣ ወፍራም ካልሲ የግድ ነው፣ ያውም ረጅም፣ አጭር ካልሲ ካደረጉ የቦቲው ጠርዝ ባታቸውን ይልጠዋል፣ የትልቁ ቀልቶ ቫዝሊን ስቀባለት ከረምኩ። ሦስተኛ ሶሉ። ጭቃ ላይ ጎበዝ ነው፣ እርጥብ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ግን ሳሙና ነው፣ ትልቁ ሦስት ደረጃ በቂጡ ወርዷል። ከዛ በኋላ ታች በር ላይ አውልቀን በፌስታል ይዘን መውጣት ጀመርን፣ ደረጃ የምታጸዳዋ ልጅም ከዛ ወዲህ ነው ሰላምታ የጀመረችኝ። አራተኛ የሰማያዊው ቁርጭምጭሚቱ ጋ የሚታጠፍበት ቦታ መጀመሪያ ነጭ መስመር አወጣ፣ ሰባተኛው ሳምንት ላይ ተሰነጠቀ። ሰፈራችን ያለው ጫማ ሰፊ በ50 ብር የጎማ ቁራጭ ለጥፎልኝ እስካሁን ውሃ አላስገባም። "ከርሞም ያደርጉታል" ላለው ወንድሜ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ቢጫው ግን ምንም አልሆነም፣ ሚጡ ቀላል ስለሆነች ይሁን ጎማው የተሻለ ሆኖ እንጃ።

የዝናብ ልብሱን በአጭሩ፣ መንገድ ላይ የሚሸጠውን ስስ ላስቲክ እንዳትገዙ፣ በሁለተኛው ቀን ብብቱ ጋ ተተረተረ። አሮጌ ጃኬት አልብሱ፣ ይርጠብ፣ ሲገቡ ይቀየራል።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም፣ ቦቲ ያደረገ ልጅ የማይገባበት ውሃ ያለ አይመስለውም። ክፍት ማንሆልና የመንገድ ዳር ቦይ ክረምት ላይ በውሃ ተሸፍኖ ሜዳ ነው የሚመስለው። የኛ ሕግ ታቹ የማይታይ ውሃ ውስጥ ማንም አይገባም ነው፣ ጥልቀቱንም በዱላ የምለካው እኔ ነኝ እንጂ እነሱ አይደሉም። ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ ጨዋታው ማለቂያው ላይ ቢሆንም ሩጫ ወደ ቤት ነው። የሽንት ቤት መስመር የፈነዳበት አካባቢ ከሆናችሁ ጭራሽ አታስጠጉዋቸው፣ የትም ይሁን ግን ሲገቡ እጅ በሳሙና ነው።

እማዬ ደግሞ ወሬው ደርሷት ደወለች፣ "ልጆቹን ጭቃ ውስጥ ለቀቅሻቸው አሉ" ብላ። ሁሉንም ነግሬያት ስጨርስ ትንሽ ዝም ብላ "አንቺስ በምን ያደግሽ መስሎሽ ነው" አለችኝና ስለ ፍልሰታ ጾም ማውራት ጀመረች። 

ዶፍ የሆነባቸው ቀናትም ነበሩ እንግዲህ፣ አልዋሽም፣ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ አልወጣንም። ያኔ የብሎኩ ኮሪደር ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሠራንላቸው፣ ሱዚም ነበር፣ የላስቲኩን አንዱን ጫፍ ወንበር ላይ አስሬ። ይረዳል፣ ግን አንድ ሰዓት ነው አቅሙ፣ ከዛ በኋላ መጥረጊያው ከታች ይጀምራል።

ቡሄ ላይ ትልቁ ዱላውን ይዞ ቦቲውን አድርጎ ከጓደኞቹ ጋር ሆያ ሆዬ ወጣ። ዝናቡ እያካፋ ነበር፣ አንዳቸውም ቤት አልገቡም፣ ከብሎክ ብሎክ ሲዞሩ አመሹ። እትዬ ቤት ሲደርሱ በሩን ከፍተው ሙልሙልና 50 ብር ሰጧቸው፣ ከዛ ወደ ትልቁ እግር አየት አድርገው "አሃ፣ ፈረሱ ጫማ ተገዛለት?" አሉት። ቀልዱ አልገባውም፣ ግን ቤት መጥቶ እንዳለ ነገረኝ።

እንግዲህ ከአምስት አራት። አንዱን የቀነስኩት ለሰማያዊው ስንጥቅና ለደረጃው ነው። የምትገዙ ከሆነ እዛው ቆማችሁ ቁርጭምጭሚቱ ጋ እጥፍ አድርጋችሁ እዩት፣ ነጭ መስመር ካወጣ ሌላ ስጠኝ በሉት፣ ሶሉንም ገልብጣችሁ ጥርሱ ጠለቅ ያለውን ምረጡ። ለአንዱ ከ850 በላይ አትክፈሉ። እኔ ለከርሞ ግንቦት ላይ ነው የምገዛው፣ ሰኔ ከገባማ ሻጮቹ ሰማይ ሰማይ እያዩ ነው ዋጋ የሚጠሩት።