ሳይሸጡልኝ ወደ ቤቴ ለመለሱኝ ባለሙያ ምስጋና

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ጌም የምትጫወቱ ወይም ጌም ለሚወድ ልጅ ቴሌቪዥን ልትገዙ ያሰባችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ማታ ማታ ፕሌይስቴሽን ላይ ኳስ እንጫወታለን። ትልቅ ቴሌቪዥን ከገዛን ወዲህ ግን ጨዋታው አልጥም አለን። ኳሷ እግሬ ሥር ሳለች እጫናለሁ፤ ምቱ የሚመጣው ተከላካዩ ከነጠቀኝ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጆይስቲኩን ጠረጠርን። ሌላ ገዛን፤ ያው ነው። ከዚያ ኢንተርኔቱን ወቀስን። ግን እኮ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው የምንጫወተው፤ ኢንተርኔት ምን አገባው? በመጨረሻ ወንድሜ "እኔ ነኝ የደነዘዝኩት" ማለት ጀመረ። ይሄኛው አንጀቴን በላው። ልጁ ጎበዝ ነው።

አዲስ ቴሌቪዥን ልገዛ ቆርጬ ወጣሁ። የገባሁበት ሱቅ ውስጥ ያገኘኋቸው ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ፣ አሁን ደግሞ የሚሸጡ አባት ናቸው። ችግሬን ነገርኳቸው። ወደ መደርደሪያው አልወሰዱኝም።

"ቤት ያለው ላይ ጌም ሞዱ በርቷል?" አሉኝ።

እንዲህ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

"እንግዲያው ገንዘብህን ያዝና ቤትህ ግባ ልጄ። መጀመሪያ እሱን አብራ። ካልተሻለህ ትመጣለህ።"

ከመሄዴ በፊት ወንበር ስበው አስቀመጡኝና አስረዱኝ። የአሁን ቴሌቪዥን የመጣለትን ምስል እንደደረሰው አያሳይም። መጀመሪያ ያሰማምረዋል። ጭረቱን ያጠራል፣ ቀለሙን ያደምቃል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል። ለማለስለስ ደግሞ በሁለት ፍሬሞች (ተከታትለው ቪዲዮ በሚሆኑ ነጠላ ምስሎች) መካከል የራሱን ፍሬም ፈጥሮ ያስገባል። ያን ለመፍጠር ቀጣዩ ፍሬም እስኪመጣ ድረስ የመጀመሪያውን ይዞ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ድምፁም አብሮ ስለሚዘገይ ማንም ልብ አይለውም። "ጌም ላይ ግን ጣትህ አለ" አሉኝ፤ "ጣትህን ማዘግየት አይችልም።"

ጀርባው ያበጠው የድሮ ቴሌቪዥን ላይ ይህ ጣጣ አልነበረም አሉ። ሲግናሉ እንደገባ እዚያው በዚያው ስክሪኑ ላይ ይስለው ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ የተጫወትኩት ጌም ለምን ፈጣን ሆኖ እንደሚታወሰኝ ያን ቀን ገባኝ።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ። በሰከንድ 60 ፍሬም የሚያሳይ ጌም ላይ አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ) ይቆያል። ቴሌቪዥኑ 100 ሚሊሰከንድ ከዘገየ የምታየው ከ6 ፍሬም በፊት ያለፈውን ነገር ነው። ጥሩ ጌም ሞድ ግን ማሰማመሩን ስለሚዘለው መዘግየቱን ወደ 10 ወይም 15 ሚሊሰከንድ ያወርደዋል። ወረቀቱ አሁንም እኔ ጋ አለ።

"ማመን ካቃተህ በስልክህ ለካው" አሉኝ። ስልኬ በሰከንድ 240 ፍሬም በስሎው ሞሽን ይቀርጻል፤ አንዱ ፍሬም 4.2 ሚሊሰከንድ ገደማ ማለት ነው። ቤት ገብቼ ስልኩን ጆይስቲኩም ስክሪኑም እንዲታዩ አድርጌ አቆምኩት። ወንድሜ ተጫነ፤ እኔ ቀረጽኩ። ከዚያ ቪዲዮውን አንድ በአንድ እየገፋን አውራ ጣቱ ቁልፉን ከነካበት ቅጽበት ተጫዋቹ እግሩን እስካነሳበት ድረስ ቆጠርን። ጌም ሞድ ሳይበራ 46 ፍሬም። ሲበራ 25። ጌሙ ራሱም የሚወስደው ጊዜ ስላለ ዜሮ አይሆንም። በመካከል ያለው 21 ፍሬም ግን ወደ 88 ሚሊሰከንድ ይጠጋል፤ ያ ሁሉ የቴሌቪዥኑ ዕዳ ነበር። ወንድሜ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ቆጠረው። ፊቱ ላይ ያየሁትን መቼም አልረሳውም።

በነፃ ነው ይሄ ሁሉ። ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

ከዓመት በኋላ አዲስ ኮንሶል ስናገኝ ግን እውነትም አዲስ ቴሌቪዥን አስፈለገን። ሌላ ቦታ መሄድ እንኳ አላሰብኩም። የፈለግኩት በጣም ትልቁን ነበር። ካርቶኑ ላይ "240" የሚል ቁጥር በደማቁ ተጽፏል። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ የማለስለሻው የማስታወቂያ ቁጥር ነው፤ ፓነሉ፣ ማለትም ስክሪኑ ራሱ፣ 60 ሄርዝ ነው፤ በሰከንድ ምስል የሚቀይረው 60 ጊዜ ነው አሉኝ። "የፓነሉ ሄርዝ ስንት ነው ብለህ ጠይቅ፤ ሌላውን ቁጥር ተወው።" ሌላው ደግሞ "1 ሚሊሰከንድ" የሚለው ጽሑፍ ነው። እሱ የሚናገረው የስክሪኑ ነጥቦች ቀለም ለመቀየር የሚወስድባቸውን ጊዜ ነው። ከተጫንክ በኋላ ምስሉ እስኪመጣ ያለውን መዘግየት አይነግርህም። ሁለቱን የሚያምታታ ሻጭ ብዙ ነው፤ እኔንም ድሮ ያምታታኝ ነበር።

በመጠን አነስ ወዳለው፣ በዋጋም ወደሚቀንሰው ወሰዱኝ። ባለ 120 ሄርዝ ነው። ከዚያ የስልካቸውን መብራት አብርተው ከጀርባው ጎንበስ አሉና በጣታቸው አሳዩኝ። ኤችዲኤምአይ ማስገቢያው አራት ነው፤ "4ኬ 120 ሄርዝ" የሚል ደቃቅ ጽሑፍ ያለባቸው ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ 4ኬ የሚባለው የምስሉ የጥራት ደረጃ ነው። ኮንሶሉን በተሳሳተው ብሰካው ኖሮ የገዛሁትን ነገር ግማሹን ሳላየው እቀር ነበር። "ኤችዲኤምአይ 2.1" የሚለው የማስገቢያው ዓይነት ስም ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነም ነገሩኝ። በውስጡ ያሉት ነገሮች አምራቹ ከፈለገ የሚያስገባቸው፣ ካልፈለገ የሚተዋቸው ናቸው። ስለዚህ አንድ በአንድ መጠየቅ ነው፦ 4ኬን በ120 ሄርዝ ይቀበላል? ቪአርአር አለው? ማለትም ስክሪኑ ከጌሙ ፍጥነት ጋር እኩል ይራመዳል? ኤኤልኤልኤምስ? ይሄኛው ኮንሶሉ ሲበራ ጌም ሞዱን በራሱ የሚያበራው ነው። ሪሞት ፍለጋ ቀረ ማለት ነው።

ኦሌድ የሚባለው የስክሪን ዓይነትም አማረኝ። ነጥቦቹ ቀለም የሚቀይሩበት ፍጥነት በእርግጥ ያስደንቃል። ግን ጋሼ "በቀን ስንት ሰዓት አንድ ጌም ትጫወታላችሁ?" ብለው ጠየቁኝና ውጤትና ካርታ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆምበት ጌም በጊዜ ብዛት ስክሪኑ ላይ አሻራ ሊተው እንደሚችል አስረዱኝ። ምርጫውን ለእኔ ተዉት። እኔ ኦሌድ ያልሆነውን መረጥኩ።

በማግስቱ ቤት ድረስ መጥተው ገጠሙልኝ። ሳውንድባሩን (የድምፅ ማጉያውን) በኮንሶሉና በቴሌቪዥኑ መካከል ልሰካው ስል እጄን ያዙኝ። ኮንሶሉ በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሳውንድባሩ። በመካከል የሚገባ ዕቃ አንዳንዱ የራሱን መዘግየት ይጨምራል፤ 120 ሄርዙን የማያሳልፍም አለ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የዚያን ማስገቢያ ሙሉ አቅም ከፈቱት። ከፋብሪካ ሲመጣ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። እኔ ብቻዬን ብሆን በዓመቱም አላገኘውም ነበር።

ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ለምነውኛል፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። ቴሌቪዥን ልትገዙ ያሰባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ጌማችሁንና ኮንሶላችሁን በስም ንገሯቸው። ለፊልም ነው ወይስ ለጌም ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

ጋሼ፣ ይህን ልጆችዎ ያነቡልዎት ይሆናል። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ "ደነዘዝኩ" ማለቱን ትቷል።