ለመረብ የሚሆን እርሳስ፦ ከጎሚስታ ወይስ ከቁርጥራጭ ነጋዴ?

አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ሆናችሁ ለዓሣ መረብ ክብደት የሚሆን እርሳስ ከፈለጋችሁ፣ ሁለት አማራጭ አለ።

አንደኛው ጎሚስታ ቤት የሚወድቀው የባላንስ እርሳስ፣ ማለትም የመኪና ጎማ ለማመጣጠን ቸርኬው ላይ የሚደረገው ክብደት ነው። ርካሽ ነው። ግን እንዲጠነክር አንቲሞኒ የሚባል ንጥረ ነገር ይጨመርበታል፤ ከመሃሉም ብረትና ዚንክ አይጠፋም። ብረቱን ማግኔት ይለየዋል። ዚንኩን ለመለየት ሲሚንቶ ላይ ጣሉት፤ እርሳስ ዱብ ይላል፣ ዚንክ ያቃጭላል። ያመለጣችሁ ካለም ስታቀልጡት ይለያል፤ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀልጥ ዚንክ 419 ይፈልጋል። እሳቱን ካላበዛችሁት ዚንኩ ሳይቀልጥ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ያኔ ለቅማችሁ አውጡት።

ሁለተኛው ከቁርጥራጭ ነጋዴ የሚገኘው የድሮ ኬብል የእርሳስ ልባስ ነው። እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። ዋጋው ወደድ ቢልም ለስላሳ ነው፤ በጥፍር ስትጭሩት የሚያብረቀርቅ መስመር ይወጣዋል። በቆርቆሮ መቀስ በጠባቡ ትቆርጡትና የመረቡ የታችኛው ገመድ ላይ ጠቅልላችሁ በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ትመቱታላችሁ። አለቀ። እሳት የለ፣ ጭስ የለ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ግቢ ውስጥ ልጅ ካለ ማቅለጡን እርሱት። የቆረጣችሁበትን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ኬብሉን ስትገዙ ግን ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የተሰረቀ ኬብል ገበያ ላይ ይዞራል። ደረሰኝ ከማይሰጥ ነጋዴ አትግዙ።

የመኪና ባትሪ እርሳስ? እሱን ጭራሽ አትንኩት። አሲድ አለበት፤ ሲቀልጥም መርዛማ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል።